የቦጋለች ቃሬዛ

መካነ ሰላም ውስጥ የተሰበረ ብረት ያለው ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ የሐረግን ደጃፍ መርገጡ አይቀርም። የበር ማጠፊያ፣ የባጃጅ ሹካ፣ የወፍጮ ቤት ወንፊት፣ የትምህርት ቤት ወንበር፤ አንድ ጊዜም የሙሽሮች አልጋ መጥቶ ነበር፣ ያውም በሠርጉ ማግስት። ስለዚያ አልጋ ረመዳን ዛሬም ቢሆን ማውራት ይፈልጋል። ሐረግ ግን "ብረት ይሰበራል፤ ሰው አይወራበትም" ብላ አፉን ታስይዘዋለች።

ትውልዷ ከላላ ወረዳ ነው። ደሴ ወርዳ ብረታ ብረት ስትማር ከክፍሉ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ከዚያ ኮምቦልቻ የጭነት መኪና አካል የሚሠራ ጋራዥ ገባች፤ በኤሌክትሮድ የሚበየደውንም፣ በሽቦና በጋዝ የሚበየደውንም እጇ የለመደው እዚያ ነው። እናቷ ታማ መካነ ሰላም አክስቷ ቤት ስትተኛ ሥራዋን ትታ መጣች። እናትየዋ ተሽሏት ተነሣች፣ ልጅየዋ እዚያው ቀረች። አክስቷ ሰው በጠየቃት ቁጥር "ቢሮ ነው የምትሠራ" ትል ነበር። ብረት የሚያቀልጥን ሰው በጎን የሚያይ ዛሬም አልጠፋማ። ሐረግ ገበያ መሃል "ቀጥቃጯ መጣች" ሲባል ሰምታለች። መልስ ሰጥታ ግን አታውቅም። ያው ሰው የበሩ ማጠፊያ ሲወልቅ ተሸክሞ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ሲመጣም አስተካክላ ትሠራለታለች።

ቤቱን ከረመዳን ጋር በሽርክና ነው የያዙት። ረመዳን የከተማው ነጋዴ ልጅ ነው፤ በኤሌክትሮድ ማንም አይስተካከለውም። ወፍራም አንግላሬ ስጡት፣ ዓለት አድርጎ ያጣብቀዋል። ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። ሐረግ የሽቦና የጋዙን ማሽን ከኮምቦልቻ አስጭና ባመጣች ጊዜ "ሙሽሪት" ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው።

"ነፋስ አትወድም፣ አቧራ አትወድም፣ መብራት ትንሽ ሲደክም ታኮርፋለች፣ በሄደችበት ሁሉ ጋዝ ያጅባታል። ሙሽራ ካልሆነች ምንድን ናት? እኔ ኤሌክትሮዴን ይዤ ዝናብ ላይ እበይዳለሁ።"

"ስስ ብረት ይምጣና እንተያያለን" ትለዋለች ሐረግ።

ስሱ ብረት ሰኔ መግቢያ ላይ መጣ።

ይዘው የመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጋሽ አህመድ፣ የአቀበት ሥር ቅሬ ዳኛ። አቀበት ሥር መኪና የማይወርድበት፣ ከገደሉ አፋፍ በታች ያለ መንደር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፣ ታማሚውንም በአንድ ትከሻ ተሸክሞ ወደ ሆስፒታል ያወጣል። ሁለተኛው አያ ቢሻው፣ ከዚያው መንደር የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። እሳቸው ሰላምታ ሰጥተው ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ቃሬዛ ነው የምንፈልገው" አለ ጋሽ አህመድ። "የብረት። የእንጨቱ ከዳን።"

እንዴት እንደከዳቸው ባጭሩ ነገራት። ጥር ላይ የአያ ቢሻው ባለቤት እማማ ቦጋለች በትኩሳት ይነዳሉ። እንደ ደንቡ ቅሬው ተጠርቶ፣ በቃሬዛ አስተኝቶ አቀበቱን ይይዛል። ግማሹ ላይ ሲደርሱ የፊተኛው ባሕር ዛፍ ከመሃሉ ቀሽ አለ። እማማ ቦጋለች ከነቃሬዛው ድንጋይ ላይ ወደቁ። ትኩሳቱ በመርፌ ለቀቃቸው፤ የተሰበረው ዳሌያቸው ግን እስካሁን ከተማ፣ የእህታቸው ልጅ ቤት፣ አስተኝቶ አስቀርቷቸዋል።

"አጥንቱስ ገጥሟል ብለውናል። በበቅሎ ግን እንዳትሞክሯት አሉ። እሷ ደግሞ ቤቴ ውሰዱኝ ትላለች፣ ቃሬዛ ስንላት አልወጣበትም ብላ ትምላለች። ከመንደራችን በፊት ያለው ወንዝ ደግሞ ሰኔ ካለፈ እስከ መስከረም አያሳልፍም። እና ሐረግ፣ ቶሎ ነው፤ ቀላልም ይሁን፤ የሚሸከመው ሰው ነው፣ አህያ አይደለም።"

"የፊተኛውን የያዝኩ እኔ ነበርኩ" አሉ አያ ቢሻው ከድንጋያቸው ሳይነሡ።

ቀላል ማለት ስስ ቱቦላሬ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት፣ ማለት ነው። ረመዳን አንዱን አንሥቶ በጥፍሩ አንኳኳው። "ይሄን እኔ በኤሌክትሮድ ብነካው ወንፊት ይሆናል። ውሃ ማጥለያ ከፈለጋችሁ ዛሬውኑ እሠራላችኋለሁ።"

"ሙሽሪት ትሠራዋለች" አለች ሐረግ።

ቱቦላሬውን ለካች፣ ቆረጠች፣ ጫፍ ጫፉን በግራይንደር አጸዳች፣ የነገውን ሥራ ቀለል ለማድረግ ሁሉንም ደጃፉ ጥላ ሥር ግድግዳው ላይ አስደግፋ አሳደረችው። በማግስቱ ከግርጌው ማዕዘን ጀመረች።

ሙሽሪት ልኳ ሲገኝ ድምጿ ምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ተልባ ነው፤ ወጥ፣ የማያቋርጥ። ሽቦው ከፈጠነ እጅን ወደ ኋላ እየገፋ ይደነቃቀፋል፤ ከዘገየ ደግሞ ሽቦው ጫፉ ላይ እየነደደ ከመበየጃው እጀታ ከቶርቹ አፍ ጋር ይጣበቃል። ሐረግ ዓይኗ በመከላከያው ጥቁር መስታወት ውስጥ ቢሆንም የምትበይደው በጆሮዋ ነው። ያን ዕለት ተልባው ጥሩ ጀመረና መሃል ላይ ፕፍ፣ ፕፍ ማለት አመጣ። መከላከያዋን ገፋ አድርጋ አየችው። ብየዳው ዓይን አውጥቷል። እንጀራ ቢሆን ኖሮ ባለሙያ የሚያሰኝ ዓይን ነበር።

"እሰይ፣ በስሏል!" አለ ረመዳን አንገቱን አስግጎ። "ወጥ ብቻ ነው የቀረን። እሱም እየመጣ መሰለኝ፣ የቅቤ ሽታ ይሸተኛል።"

"ጎረቤት ነው፣ እሌኒ ምግብ ቤት። ሥራህን ሥራ።"

ዓይኑን በግራይንደር አንሥታ ደገመችው። አሁንም ዓይን። ሌላኛውን ማዕዘን ያዘች። ባሰበት።

ብየዳ ዓይን የሚያወጣው የቀለጠው ብረት ውስጥ አየር ወይም ጢስ ሲገባበት ነው። ሳይወጣ ብረቱ ይረጋበታል። ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ይታያል፣ ውስጡ ግን ድፎ ዳቦ ነው። ለመስኮት ፍርግርግ ቢሆን ቀለም ይሸፍነዋል። ሰው ተኝቶበት ገደል ለሚሻገር ነገር ግን አይሆንም።

ሐረግ ከነፋሱ ጀመረች። መካነ ሰላም ከረፋድ በኋላ ከዓባይ በኩል የሚነሣ ነፋስ አለ፤ ጋዙን ከብየዳው ላይ ጠርጎ ይወስደዋል። እሷና ረመዳን ደግሞ እንደ አገሩ ሁሉ ደጃፍ ላይ ነው የሚሠሩት፤ ባለጉዳይ ዕቃው ሲሠራ ካላየ አያምንም። ሙሽሪትን ወደ ውስጥ ገፍታ በሩ ላይ ሸራ ጋረደች። ዓይኑ አልቀረም።

"ጋዙን ጨምሪው" አለ ረመዳን።

"ጎርፍ ሲበዛ አፈር ይዞ አይደል የሚወርደው? ጋዝም ሲበዛ አየር ጎትቶ ያስገባል።"

ይልቅ ሳሙና በጥብጣ የጋዙን ቱቦ ከሲሊንደሩ እስከ ማሽኑ ቀባችው፤ የሚያፈስ ቢኖር አረፋ ይሠራል። አልሠራም። የቶርቹን አፍ ፈታ ውስጡ የተጋገረውን የብረት ፍንጥርጣሪ ፍቃ አወጣች። ሽቦው የሚወጣባትን የመዳብ ጫፍ ቀየረች። የግራውንዱን መቆንጠጫ የሚነክስበትን ቦታ እስኪያበራ ፈገፈገች። ሽቦው ዝጎ እንደሆነ በነጭ ጨርቅ ጨብጣ ሳበችው፤ ጨርቁ እንደነጣ ወጣ። የወፍጮ ቤቱ ሞተር መብራት እያደከመ እንደሆነ ብላ ወፍጮው እስኪቆም ጠብቃ ሞከረች። ተልባው አማረ፤ ዓይኑ ያው ነው።

ጋሽ አህመድ የመጣው ይህን ሁሉ ስታደርግ ነው። የተበየደውን ማዕዘን አንሥቶ ገለባበጠው። ያገሩ ሰው ብየዳ አያውቅም የሚል ካለ ጋሽ አህመድን አያውቅም። አጠገቡ ያለውን መዶሻ አነሣና አንዴ ብቻ መታው። ማዕዘኑ ተላቀቀ።

ረመዳን እንኳን አልቀለደም።

"ልጄ፣ ሙያሽን አልናቅሁም" አለ ጋሽ አህመድ ቀስ ብሎ። "ግን ይሄ እንጨቱም አይሻልም? ቅዳሜ ቅሬው ይሰበሰባል። ያኔ የሚታመን ነገር ካላሳየሽን ደሴ እንልከዋለን።"

"ደሴ ልካችሁ እስኪመለስ ወንዙ ይሞላል።"

"ይሞላል። ቦጋለችም እስከ መስከረም እዚሁ ትከርማለች። ሁለተኛ ከምትወድቅ ግን ትክረም።" ወጣ ሲል ደጃፉ ላይ ቆም አለ። "አብሽሪ። እስከ ቅዳሜ አለ።"

ያን ቀን ማታ ሐረግ እማማ ቦጋለችን ልትጠይቅ ሄደች። ከገበያው ጀርባ፣ ጠባብ በረንዳ ላይ፣ በግራ ጎናቸው ተኝተው ወደ ገደሉ በኩል ያያሉ። ሲያዩዋት ሳቁ።

"አንቺ ነሽ ብረቷ? ነይ ቁጭ በይ። ሰው ሁሉ እግዜር ይማርሽ ይለኛል፤ እግዜርማ ምሮኛል፣ የከለከለኝ አቀበቱ ነው። ባቄላዬ አብቦ ይሆናል። ማን እንዳረመው እንጃ።"

"ቃሬዛ ላይ አልወጣም ብለው ምለዋል አሉኝ።"

"ምያለሁ። እንጨቱ ቀሽ ሲል ሰምተሽ ቢሆን አንቺም ትምይ ነበር። አሁንም ስተኛ ይሰማኛል።" ነጠላቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው "ቢሻውማ በቀን ካንድ ጊዜ ሌላ እህል አይቀምስም። እኔ ነኝ የጣልኳት ይላል። እንጨት እንደሆነ ማን በነገረልኝ" አሉ።

ሐረግ ስለ ዓይኑ አልነገረቻቸውም። በማግስቱ ጠዋት ግን ከሁሉ አስቀድሞ ማድረግ የነበረባትን አሁን አደረገች፤ ከጥግ ከቆሻሻው ክምር ቁርጥራጭ ቱቦላሬ ፈልጋ፣ የሙሽሪትን ቁጥር ሳትነካ፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ጋዝ በየደችው። ድንቅ ሆኖ ወጣ። እንደ ተደረደረ ሳንቲም ለስልሶ፣ ያለ አንድ ዓይን። ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አስራ መታችው፤ ቱቦው ተጣመመ፣ ብየዳው አልተነቃነቀም።

"ሙሽሪት ጤነኛ ናት" አለች ጮክ ብላ።

"አልሐምዱሊላህ፣ እኔስ መርዶ ልሄድ ነበር" አለ ረመዳን።

"ሕመሙ ያለው ብረቱ ላይ ነው።"

የቃሬዛውን ቱቦላሬ አንሥታ እንደገና ነካችው። ፕፍ፣ ፕፍ። ረመዳን አፍንጫውን ከፍ አደረገ። "አሁንም ቅቤ! ወላሂ ይቺ እሌኒ ልትገድለኝ ነው።"

ሐረግ ቶርቹን አስቀመጠች። "ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"ረቡዕ።"

"ጰራቅሊጦስ አልፏል። እሌኒ በረቡዕ ቅቤ እሳት ላይ ትጥላለች?"

ረመዳን አሰበው። እሌኒን ያውቃታል፤ በጾም ቀን የሥጋ ቢላዋዋን እንኳን ደብቃ የምታስቀምጥ ሴት ናት። "አትጥልም" አለ። "ታዲያ የሚሸተኝ ምንድን ነው?"

ሐረግ ቱቦላሬውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ከታ አወጣችና ለብርሃን ያዘችው። ጣቷ ያብረቀርቃል።

ሐሙስ ጠዋት ብረቱን ማን እንደሚነካው ለማየት ወፍ ሲንጫጫ ተነሥታ መጣች። ለቃሬዛው ሲሉ ከተማ የሰነበቱት አያ ቢሻው ደጃፉ ላይ ናቸው፤ ከኪዳን ተመልሰው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብለዋል። የሰፈሩ ዘበኛ እሳቸውን ሊከለክል አልደፈረም። በግራ እጃቸው በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘዋል፤ በቀኛቸው አንዱን ቱቦላሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያሹት ነው። ሲጨርሱ ጣታቸውን ወደ ቀዳዳው ከተው ውስጡንም አዳረሱት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ እንትፍ እንትፍ ብለው መርቀው ወደሚቀጥለው ዞሩ።

ሐረግ ከኋላቸው ቆመች። ሦስት ቀን ሙሉ የለፋችው ልፋት አናቷ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ልትጮህ አፏን ከፍታለች። ግን የሚሉት ተሰማት። "እንዳትጥላት" ነው የሚሉት። ለብረቱ። "እንደኔ እንዳትጥላት።"

አፏን ዘጋች።

"እንዴት አደሩ አያ ቢሻው?"

ደንገጥ ብለው ዞሩ። "እግዜር ይመስገን። አንቺ ሳትመጪ ላልፍ ብዬ ነው።" ቅጠሉን ጋቢያቸው ውስጥ ለመሸሸግ ሞከሩና ተዉት። "ብረት ደረቅ ነው። ደረቅ ነገር ሰው አይችልም። ማረሻም ሞፈርም ሲወጣ ቀብተን ነው። የዚያን እንጨት ጊዜ ቸኮል ብለን ሳንቀባው ነው የወጣነው።"

"በየጠዋቱ ነው የሚመጡት?"

"በየጠዋቱ።"

ሐረግ ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻቸው። "እስኪ ይዩልኝ" አለች። "ፊትዎን ወደዚያ ያዙሩ፣ እሳቱን አይዩት።" ሁለት ቁራጭ አወጣች፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱን እሳቸው ራሳቸው እንዲቀቡት ሰጠቻቸው። ሁለቱንም በየደች። ሞርሳው ላይ አሰረችና መዶሻውን አቀበለቻቸው።

"ይምቱ።"

ደረቁን መቱ። መዶሻው ነጥሮ ተመለሰ። የተቀባውን መቱ። ተላቀቀ። አንሥተው የተሰበረበትን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት፤ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ነበር። ረዥም ጊዜ አዩት።

"ቅቤው ነው?"

"ቅቤው ሲነድ ይጤሳል። ጢሱ የቀለጠው ብረት ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ከላይ ባነሣው ከውስጥ ይመጣብኛል፤ ውስጡንም ስላዳረሱት።"

"እና ልጥላት ነበር። ሁለተኛ።"

"አልጣሏትም፤ ገና ነው።" ሐረግ ድምጿን አረጋጋች። "ቅባት አይቀባ አላልኩም አያ ቢሻው። ጊዜው ነው ያልሆነው። ከተበየደ፣ ከቀዘቀዘ፣ ቀለም ከጠጣ በኋላ እርስዎ ይቀቡታል። ከእርስዎ በቀር ማንም አይነካውም።"

ሽማግሌው ቅጠሉን ጠቅልለው አቀበሏት። "አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። እኔ ዘንድ ካለ እጄ አያርፍም።"

ረመዳን መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ሳቁን ለመያዝ ወደ ውጭ ወጣ። ሲመለስ "ባንድ ኩባያ ቤንዚን አጥቤ አጠራልሻለሁ" አለ።

"ቱቦ ውስጥ ቤንዚን አስገብተህ እሳት ልትለኩስበት? አንተን በየትኛው ቃሬዛ ልንሸከምህ ነው?"

እንዶድ አስወቀጠች። በፈላ ውሃ በጥብጣ ቱቦዎቹን አጠጣቻቸው፤ ረመዳን ቀጭን ፌሮ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ እንደ ጠመንጃ ወላወላቸው። ጨርቁ እያብረቀረቀ ወጣ፤ ደገሙት፤ ሳያብረቀርቅ እስኪወጣ ደጋገሙት። የተበላሹትን ማዕዘኖች ሐረግ ከነጫፋቸው ቆርጣ ጣለች። ቃሬዛው ካሰቡት በጥቂት ጣት አጠረ፤ እማማ ቦጋለች ደግሞ ረዥም ሴት አይደሉም። ቱቦዎቹ ፀሐይ ላይ እስኪደርቁ ተጠበቁ። በየቱቦው የማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ በሳች፤ ሁለት ጫፉ ተዘግቶ ሲበየድ የሚግለው አየር መውጫ ካጣ በብየዳው በኩል ነው የሚፈነዳው።

ዓርብ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ወፍጮው ሳይጀምር፣ ተልባው ተንጣጣ። አያ ቢሻው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ጀርባቸውን ለእሳቱ ሰጥተው፣ ድምፁን ብቻ እየሰሙ ተቀመጡ። ሐረግ አንድ ማዕዘን በጨረሰች ቁጥር "ዓይን አወጣ?" ይላሉ። "አላወጣም" ትላለች። ረመዳን ከማዶ "ዛሬስ የሚሸት ነገር የለም፤ ራቤም ጠፋ" አለ።

ቅዳሜ ቅሬው እማማ ቦጋለች ያሉበት ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። ቃሬዛው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ ሸራው ተወጥሮ፣ መሃል መሬት ላይ ተቀምጧል። ጋሽ አህመድ መዶሻ ይዞ ነው የመጣው። ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ መታ፤ በጆሮው አደመጠ፤ ደገመ።

"የቀድሞው ምን ነክቶት ነው ታዲያ?" አለ ወደ ሐረግ ዞሮ።

ሐረግ ልትመልስ ስትል አያ ቢሻው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። "እሷን አትጠይቋት። እኔ ነኝ። ቅቤ እያጠጣሁት ነበር። በየጠዋቱ።"

"ቅቤ?" አለ ጋሽ አህመድ። "አያ ቢሻው፣ ብረት ይሰባል ብለው ነው?"

ሳቁ ከግቢው አልፎ ገበያው ድረስ ተሰማ። አያ ቢሻው እራሳቸውም ሳቁ፤ ከጥር ወዲህ ሲስቁ ያያቸው አልነበረም። ጋሽ አህመድ መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ሐረግ ቀረበ። "ደሴ እልካለሁ ብዬ ሆድሽን አባብቼዋለሁ። አፉ በይኝ።"

"እርስዎም ልክ ነበሩ፤ ያ ብየዳ ሰው አይችልም ነበር።"

የስንዴ ጆንያ አመጡ፣ ጫኑ፣ አነሡ። ሁለተኛ ደረቡ። ቃሬዛው ሸራው ትንሽ ከመርገቡ በቀር ምንም አላለም። ጎልማሶቹ ግን አሁን ዓይናቸውን ወደ በረንዳው ጣሉ።

እማማ ቦጋለች ተደግፈው ቀና ብለዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። "ጆንያ አይጮህም" አሉ። "እኔ ግን ምያለሁ።"

"እማማ፣ እኔ ልተኛበትና ይዩኝ" አለች ሐረግ።

"አንቺ ምን አለብሽ፣ ሥራሽ ነው።" ወደ ባላቸው ተመለከቱ። "እሱ ይተኛበት።"

ግቢው ተንጫጫ። ደህና ሰው ቃሬዛ ላይ አይወጣም። ሟርት ነው፣ ሞትን በእጅ መጥቀስ ነው። አንዲት ሴትዮ አማተበች፣ አንድ ሽማግሌ "ያ ረቢ፣ ተይ እንጂ ቦጋለች!" አለ። አያ ቢሻው ግን ዱላቸውን ለሐረግ አቀበሏት። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። እየተንገዳገዱ ሸራው ላይ ተቀመጡና እንደ ልጅ ቀስ ብለው ተጋደሙ።

"እሷ የወደቀችበት ላይ እኔ ካልተኛሁ ማን ሊተኛበት ነው" አሉ ሰማዩን እያዩ። "አንሡኝ።"

ረመዳን የፊተኛውን ቀኝ ያዘ። አራት ሆነው ትከሻቸው ላይ አወጧቸው። ከግቢው ወጥተው፣ ከገበያው ጀርባ ያለውን ዳገት ይዘው፣ እማማ ቦጋለች ከበረንዳው እያዩአቸው ወጡ። ዳገቱ አናት ላይ ሲደርሱ ሐረግ አንገቷን አስግጋ ማዕዘኖቹን አየች። ዞሩ። ቁልቁለቱን ጀመሩ፤ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው በፊተኞቹ ማዕዘኖች ላይ እዚህ ነው፣ ወደ መንደሩ የሚወስደውም መንገድ ሁሉ ቁልቁለት ነው።

አያ ቢሻው አይንቀሳቀሱም። ዓይናቸው ተከድኗል።

"አያ፣ ተኙ እንዴ?" አለ ረመዳን እያለከለከ። "እኛ ነን እንቅልፍ የሚያምረን።"

"ዝም በል። ብረቱን እየሰማሁ ነው።"

ግቢው ደርሰው በረንዳው ፊት ቆሙ፤ ሳያወርዷቸው። እማማ ቦጋለች አንገታቸውን ዘርግተው ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ።

"ቢሻው።"

"አቤት።"

"ይንቋቋል?"

አያ ቢሻው ጆሯቸውን ወደ ማዕዘኑ አዘነበሉ።

"ምንም አይል" አሉ በመጨረሻ። "የረመዳን ጉልበት ነው የሚንቋቋው።"

ሐረግ ቅጠሉን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችላቸው። ተጋድመው እንዳሉ ጣታቸውን ነክረው አጠገባቸው ያለውን ማዕዘን፣ ቀለሙ ላይ፣ አንዴ አሸት አደረጉት።

"መያዣው ላይ እንዳይነኩ አያ!" ብሎ ረመዳን ጮኸ። "እጃችን ያዳልጠናል!"

እማማ ቦጋለች ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጠበቁ። እጃቸውን ለሐረግ ዘረጉላት።

"በሉ አውርዱት" አሉ። "ተራዬ ነው።"